ከዓመታት በኋላ ወደ ተራራ ብስክሌት መመለስ፦ ከየት ይጀመራል?

ብስክሌት መንዳት አንዴ ከተለመደ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው። የኔም ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ የተመለስኩት በተዋስኩት ብስክሌት ነበር። የመጀመሪያዋ ቁልቁለት ላይ እጄ ሳላዘው የድሮ ሥራውን ሠራ። ፍሬኑን በአራት ጣት ግጥም አድርጎ ያዘ። የድሮው ብስክሌቴ እንደዚያ ካልጨመቁት የሚቆም አልነበረም። ይሄኛው ግን በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ነበረው። የፊት ጎማው ባለበት ቀጥ አለ፣ እኔ ግን መንገዴን ቀጠልኩ። በመሪው ላይ አልፌ ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘሁ። ክርኔ ተላጠ፣ ሌላው ደህና ነበር። ኩራቴን ሳይጨምር ማለቴ ነው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለጀማሪ አይደለም። ጀማሪ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ይጠብቀዋል። የምጽፈው ድሮ ደህና አድርጎ ይነዳ ለነበረ፣ ከዚያ ሥራ ሲበዛ፣ ልጅ ሲመጣ ወይም ጉልበት ሲያስቸግር ብስክሌቱን ለሰቀለ ሰው ነው። ሰውነታችሁ የሚያስታውሰው የድሮውን ብስክሌት ነው። የሚያስታውሰውም በድሮው አቅም ነው። ሁለቱም ተለውጠዋል።

1. መጀመሪያ ምን እንደተለወጠ እወቁ

ያቆማችሁት በ1990ዎቹ ወይም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሆነ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)፣ አሁን የምታገኙት ብስክሌት ከድሮው ጋር የሚመሳሰለው በስም ነው ማለት ይቻላል።

ጎማው አድጓል። ያኔ 26 ኢንች ነበር፤ አሁን በብዛት 29 ነው፣ 27.5ም አለ። ትልቅ ጎማ ድንጋይና የዛፍ ሥር ላይ ሳይደናቀፍ ይንከባለላል። መሪው ሰፍቷል። ድሮ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ760 እስከ 800 ይደርሳል። በሁለት ዛፎች መካከል ስታልፉ ይህን አትርሱ፤ እኔ ረስቼ ትንሿን ጣቴን መትቻታለሁ። ከፊት የነበሩት ሦስት ማርሾች አንድ ብቻ ሆነዋል። ከኋላ ግን 12 ደርሰዋል፤ ትልቁ 50 ወይም 51 ጥርስ አለው። ዳገቱን የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

የግራ እጅ ማርሽ መቀየሪያ ከሥራ ወጣ ማለት ነው። ቦታውን የወሰደው ወራጅ ኮርቻ ነው። በአውራ ጣት ትጫኑና ትቀመጡበታላችሁ፣ ኮርቻው ይወርዳል። መልሳችሁ ስትጫኑና ስትነሱለት ይወጣል። ድሮ ቁልቁለት ሲመጣ ወርደን፣ ማጥበቂያውን ፈትተን፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርገን ነበር የምንቀጥለው። ወይም ሰንፈን ከፍ እንዳለ እንወርድ ነበር። ከአዲሱ ነገር ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው።

ፍሬኑን ከኔ ታሪክ አይታችኋል። ነገሩ የሚገርመው ይህ ስፖርት ሲወለድም ጣጣው ፍሬን ነበር። በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ወጣቶች ከባድና አሮጌ ብስክሌት ይዘው ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ፍሬኑ የሚያዘው ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ነው። ታች ሲደርሱ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለው ግራሶ በሙቀት ነድዶ ጭስ ሆኖ ያልቃል። እንደገና ፈትቶ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። በ1976 እዚያው የጀመሩትን ውድድር “ሪፓክ” ያሉት ለዚህ ነው፤ “እንደገና መሙላት” እንደማለት። ስፖርቱ ከዚያ ተነስቶ በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። ፍሬኑ ደግሞ አንድ ጣት የሚበቃው ሆነ።

ከዓይን የሚሰወረው ለውጥ ግን የፍሬሙ ቅርጽ ነው። የአሁኑ ብስክሌት ረዘም ብሏል። የፊት ሹካው ወደ ፊት ጋደል ብሏል። መሪውን የሚይዘው አንገት አጥሯል፤ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ የነበረው ወደ 35 እና 50 መካከል ወርዷል። ስለዚህ የፊት ጎማው ከእናንተ ርቆ ከፊት ነው ያለው። ይህ ለምን ያስፈልገናል? ድሮ ቁልቁለት ላይ መቀመጫችንን ከኮርቻው ኋላ፣ ከኋላ ጎማው በላይ እናንጠለጥል ነበር። በዚያ አጭር ብስክሌት ትክክል ነበር፤ ካልሆነ በፊት ትገለበጣላችሁ። በአሁኑ ላይ ግን እንደዚያ ብታደርጉ የፊት ጎማው ክብደት ያጣል። ክብደት ያጣ ጎማ ደግሞ አፈር አይነክስም። መሪውን ታዞራላችሁ፣ ብስክሌቱ ቀጥታ ይሄዳል። ድሮ ያዳናችሁ ልማድ ነው አሁን የሚጥላችሁ። ወደ ልምምዱ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

2. የድሮው ብስክሌት ወይስ አዲስ?

እስካሁን ካላችሁ፣ የድሮውን ገና አትጣሉት። አዲስ ለመግዛትም አትቸኩሉ። ለለስላሳ መንገድ የድሮው ይበቃል፤ መንዳቱ እንደገና ይጥማችሁ እንደሆነም ይነግራችኋል። ግን ሳትፈትሹ እንዳትወጡ።

ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑና ጎኑን አጠፍ አድርጉት። የተሰነጣጠቀ ከሆነ ተቀያሪ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም። የፍሬን ሸራው ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ አልቋል። የፍሬን መያዣው ስትጨብጡት እስከ መሪው ድረስ ከመጣ ዘይቱ አርጅቷል ወይም አየር ገብቶበታል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ፍሬን ዶት የሚባለውን ፈሳሽ ይጠቀማል፣ አንዳንዱ ደግሞ የማዕድን ዘይት። አይቀላቀሉም፣ አይተካኩም። ከተሳሳታችሁ የውስጥ ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። አዲስ ሰንሰለት ከአንድ ፒን መሀል ተነስታችሁ 24 ጥንድ ያልሆኑ ነጠላ ማያያዣዎችን ስትቆጥሩ ልክ 304.8 ሚሊ ሜትር ወይም 12 ኢንች ይሆናል። ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ላይ 306.3 ከደረሰ ቀይሩት። ለድሮዎቹ እስከ 307 መታገስ ይቻላል። ከዚያ አልፎ የቆየ ሰንሰለት ማርሹን ይበላዋል፤ ያኔ የምትቀይሩት ሁለቱንም ነው።

የፊት ሾኩ ለዓመታት ቆሞ ከነበረ ውስጡ ያሉት ማሸጊያዎች ደርቀዋል። ተጭናችሁት ካልተመለሰ ወይም ዘይት ካንጠባጠበ መካኒክ ይየው። ፍሬሙ ላይ፣ በተለይ ብየዳው አካባቢ፣ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ክርክር የለም፤ ያ ፍሬም ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ፣ መጀመሪያ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ሁለትና ሦስት ዓይነት ሞክሩ። “ድሮ የኔ ቁጥር ይሄ ነበር” ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ምክንያቱም የልክ አወጣጡ ተለውጧል። የገንዘብ አቅም ውስን ከሆነ ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ርካሽ ብስክሌት አትግዙ። በዚያው ገንዘብ የፊት ሾክ ብቻ ያለው ግን ደህና ፍሬንና ደህና ጎማ የተገጠመለት ይሻላል። ርካሽ የኋላ ሾክ ክብደት ጨማሪ ነው፣ ሌላ ጥቅሙ ለኔ አልታየኝም።

ጉልበታችሁ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በባትሪ የሚታገዘውን ሞክሩት። ማጭበርበር ነው የሚሏችሁን አትስሙ። ከባድ እንደሆነና ለመቆም እንደሚዘገይ ብቻ እወቁ።

3. ልብስና መከላከያ

የድሮውን ሄልሜት አውጥታችሁ አቧራውን እንዳታራግፉ። አዲስ ግዙ። የሄልሜት ሥራ የሚሠራው ውስጡ ያለው ፎም ነው። ፎሙ አንድ ጊዜ በኃይል ከተመታ ይጨመቃል፣ ሁለተኛ አያድንም። ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ሙቀት፣ ላብና ዕድሜም ያዳክሙታል። ስትለብሱት ከቅንድባችሁ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቅር። ወደ ማጅራት የተንጋለለ ሄልሜት ግንባርን ሜዳ ላይ ይተዋል።

ጓንት፣ መነጽር፣ የጉልበት መከላከያ። የጉልበት መከላከያው አሁን ቀጭን ስለሆነ ዳገትም ላይ አያስቸግርም። ከታች ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባለውለታችሁ ነው። ከሥሩ ፓንት አይለበስም። ብዙ ሰው ይህን ሳይነገረው፣ በስፌቱ ተፈግፍጎ ነው የሚማረው።

4. ብስክሌቱን ለራሳችሁ ልክ አድርጉት

ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግራችሁ የፊት መዳፍ ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል። ለዳገትና ለሜዳ ይህ ቁመት ነው።

የፍሬን መያዣዎቹን ወደ ውስጥ ግፏቸው፤ አንድ ጣት፣ አመልካቿ፣ የመያዣው ጫፍ ላይ እንድታርፍ። የቀሩት ሦስቱ መሪውን ይያዙ። ይህን ካላስተካከላችሁ እጃችሁ ወደ አራት ጣቱ ይመለሳል። ከኔ ተማሩ።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ምንም ሳታወጡ ብስክሌታችሁን የሚለውጠው እሱ ነው። ድሮ ጎማ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር፣ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ እንነፋ ነበር። አሁን ጎማው ሰፍቷል፤ 2.3 ወይም 2.4 ኢንች የተለመደ ነው። ስለዚህ አየሩ ይቀንሳል። ላላ ያለ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፤ የጠነከረው ይነጥራል። የሚነጥር ጎማ መሬት አልነካም ማለት ነው፣ መሬት ካልነካ አይዞርም፣ አይቆምም። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የውስጥ ጎማ ካለው ከ28 እስከ 32፣ ቱብለስ (የውስጥ ጎማ የሌለው) ከሆነ ከ22 እስከ 26 ፒኤስአይ ጀምሩ። ከኋላው ሁለት ሦስት ጨምሩ። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ወሰን አትውጡ። ከዚያ በየጉዞው በአንድ በአንድ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ “ቋ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አብዝታችሁ ቀንሳችኋል።

ጎማ ሲተነፍስባችሁ ቀዳዳውን እዩት። አንድ ከሆነ እሾህ ወይም ሽቦ ነው፤ ሳታወጡት አዲስ እንዳታስገቡ። ጎን ለጎን ሁለት ከሆኑ የውስጥ ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል። አየሩ አንሶ ነበር ማለት ነው። ቱብለስ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ትንሽ ቀዳዳን ራሱ ይደፍናል። ግን ይደርቃል፤ በየጥቂት ወሩ መጨመር ይፈልጋል።

ሾኩ ደግሞ በክብደታችሁ ልክ መስተካከል አለበት። ሙሉ ልብሳችሁንና ቦርሳችሁን ይዛችሁ ብስክሌቱ ላይ ቁሙ፣ ደግፎ የሚይዛችሁ ሰው ይኑር። ሾኩ ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ምን ያህል እንደተንሸራተተች ለኩ። የፊቱ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው 20 በመቶ፣ የኋላው ከ25 እስከ 30 በመቶ ቢወርድ ጥሩ መነሻ ነው። 120 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ የፊት ሾክ 24 ሚሊ ሜትር ይውረድ ማለት ነው። ብዙ ከወረደ አየር ጨምሩ፣ ካልወረደ ቀንሱ።

የፍሬን ሸራው ወይም ዲስኩ አዲስ ከሆነ ደግሞ መገራት አለበት። ሜዳ ላይ መካከለኛ ፍጥነት ያዙ፣ በእርምጃ ፍጥነት እስክትሄዱ ቀስ ብላችሁ ያዙት፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ ልቀቁት። ሃያ ጊዜ ያህል ድገሙት። ይህን ያልተደረገለት ፍሬን ይጮሃል፣ አይዝም። ዲስኩን በእጃችሁ አትንኩት። ዘይት የነካው ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቅርጫት ነው።

5. ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሰዓት ሜዳ ላይ

ማንም የማይወደው ክፍል ይህ ነው። ሣር ያለበት ባዶ ሜዳ ፈልጉ።

አቋቋሙን አስቀድሙ። ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ። ሁለቱ ፔዳሎች በእኩል ከፍታ ይሁኑ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ተረከዛችሁን ጣል አድርጉ። ከወገባችሁ ጎንበስ በሉ፣ ክርናችሁን ወደ ውጭ ክፈቱ፣ አገጫችሁ ከመሪው በላይ ይሁን። ክብደታችሁ በሙሉ እግራችሁ ላይ ነው። ለማረጋገጥ ጣቶቻችሁን ከመሪው ለአፍታ ላላ አድርጓቸው። ወደ ፊት ከወደቃችሁ እጃችሁ ላይ ተደግፋችሁ ነበር። ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ተንጠልጥላችሁ ነበር። ያ ነው ከላይ ያልኳችሁ የድሮ ልማድ። መሀሉ ላይ እስክትገቡ ድገሙት።

ቀጥሎ ፍሬን። በዝግታ እየሄዳችሁ የፊቱን ብቻ በአንድ ጣት ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቶሎ መቆንጠጥ አይደለም፣ መጭመቅ ነው። ተረከዛችሁ ወደ ታች መሬቱን ይግፋ። ከዚያ በሁለቱም፣ ከዚያ ፈጠን ብላችሁ። የፊት ፍሬንን መፍራት ተመላሾች ሁሉ ያለባቸው በሽታ ነው። አብዛኛው የማቆም ኃይል ግን ከፊት ነው። የኋላው ብቻውን ሲያዝ ጎማው ይንሸራተታል፣ መንገዱንም ያርሳል።

ጥምዝ ሦስተኛው ነው። ፍጥነታችሁን ከመግባታችሁ በፊት ቀንሱ። ጥምዙ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ፍሬን መያዝ መዘግየት ነው። ብስክሌቱን አጋድሉት፣ ራሳችሁ ግን ቀና በሉ። ዓይናችሁ መውጫው ላይ ይሁን። ድንጋዩን ካያችሁት ድንጋዩን ትመቱታላችሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ብስክሌት ዓይን የሄደበት ይሄዳል።

6. የመጀመሪያው መንገድ

ቀላሉን ምረጡ። ምልክት ባላቸው ቦታዎች አረንጓዴ ቀላል፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ጥቁር አስቸጋሪ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ከሰማያዊና ከጥቁር መካከል ቀይ አለ። ድሮ ጥቁር ትነዱ ነበር? ጥሩ። አረንጓዴውን ንዱ። አንዱን አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ ንዱት፤ መጀመሪያ እያያችሁ፣ ሁለተኛው እየለቀቃችሁ። ያስፈራችሁ ቦታ ላይ ወርዳችሁ በእግር እዩት። ገፍቶ ማለፍ ነውር አይደለም።

ከድሮ ጓደኞቻችሁ ጋር፣ እነሱ ሳያቆሙ የቀጠሉ ከሆነ፣ ለጊዜው አትውጡ። ከኋላቸው ለመድረስ ስትሉ ያልሆነ ነገር ትሠራላችሁ። እነሱም “ቀላል ናት” ይሏችኋል። ለነሱ ነው ቀላል።

ዳገት ላይ ማርሹን ቀድማችሁ አቅልሉት፤ ከተጨነቃችሁ በኋላ መቀየር ሰንሰለቱን ይበጥሳል። ወደ ኮርቻው ጫፍ ተጠጉ፣ ደረታችሁን ዝቅ አድርጉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስከቻላችሁ ድረስ ብቻ ግፉ። ከታች የሚመጣ ነጂ ቅድሚያ አለው፤ ቆሞ መነሳት ለሱ ይከብዳል። ለእግረኛ ሁሉ ጊዜ ልቀቁ። ፈረስ ካገኛችሁ ቆማችሁ ተናገሩ፤ ፈረሱ ድምፃችሁን ሲሰማ ሰው መሆናችሁን ያውቃል።

ቱብለስ ቢኖራችሁም አንድ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የብሎን ቁልፎች፣ አንድ የሰንሰለት ማያያዣ ያዙ። ለሰዓት ግማሽ ሊትር ውኃ፣ ሙቀት ካለ ከዚያ በላይ።

7. የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ አንዱን ብቻ በ15 ደቂቃ አርዝሙት። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

አታላዩ ነገር ይህ ነው፦ ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል። በሦስትና በአራት ሳምንት ሳንባችሁ “እንሂድ” ይላል። ጅማት ግን ቀርፋፋ ነው፣ ወራት ይፈልጋል። ብዙ ተመላሽ የሚጎዳው በመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን ጥሩ ስሜት በተሰማው በአምስተኛው ነው። ጉልበታችሁን ከፊት ካመማችሁ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመማችሁ ከፍ ብሏል። በአምስት ሚሊ ሜትር አስተካክሉና ሞክሩ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ መዳፋችሁ ላይ ተደግፋችኋል፤ ወደ አቋቋሙ ተመለሱ። የመቀመጫ ሕመም በሁለት ሳምንት ይለቃል። ካልለቀ ኮርቻው ለእናንተ አጥንት ጠብቧል ወይም ሰፍቷል።

“አንድ ዙር ብቻ” የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡት። እጃችሁ ዝሎ ፍሬን መያዝ ሲያስጠላችሁ፣ የቀረው ጉልበት ወደ ቤት መመለሻ ነው።

ስትመለሱ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጥረጉ፣ በእያንዳንዱ ማያያዣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ። ብስክሌቱን በኃይለኛ የውኃ ግፊት አትጠቡት፤ ውኃው ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል። የዕለቱን የጎማ አየር መጠን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። አዲስ ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉዞዎች በኋላ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። አንዳንዶቹ ላልተው ታገኟቸዋላችሁ።